ከልደታ ሞጆ፣ ደርሶ መልስ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለቢልቂስ ሙከሚል፤ ካለሽበት ኖርዌይ።

አሰላሙ ዐለይኪ እህቴ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ስትውዪ ያምሻል? ባለቤትሽ አብዱሰመድስ አዲሱን ሥራ ለመደው? መይሙናዬስ አደገችልሽ? ብርዱ ለቀቃችሁ ወይስ እናንተ ጋ ሰኔም ብርድ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። በስልክ ቢሆን አባባ አጠገቤ ስለሚተኙ «ደህና ነን» ብዬ እዘጋው ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እናንተ አገር ለትምህርት ለሚመጣው ለጎረቤታችን ልጅ ለሙለታ ይህን ወረቀት ሰጠሁት።

ነገሩ ያቺን የኤሌክትሪክ መኪናሽን በመርከብ ልላክልህ ያልሽው ጉዳይ ነው። ሐሳብሽ ሸጋ ነበር። እኔ ሞጆ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እየጠገንኩ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው አድራለሁ። አባባ ደግሞ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ጠዋትና ማታ ደግፎ የሚያነሳቸው፣ ለሶላት አጥቦ ዉዱእ የሚያስደርጋቸው ጉልበት ያለው ሰው ይፈልጋሉ። ባለቤቴ ሺፋ ብቻዋን አትችላቸውም፤ ጎረቤት እየጠራች ነው የምታነሳቸው። ሰው ማስቸገር ደግሞ ለአባባ ሞት መሆኑን ታውቂያለሽ። በመኪናሽ እየተመላለስክ በየቀኑ ቤትህ ታድራለህ አልሽኝ። የመኪናዋ ወረቀት፣ ባትሪዋ አንዴ ከሞላ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል፤ ከልደታ ሞጆ ደርሶ መልስ መቶ ሃምሳ ነው፤ ሃምሳ ይተርፋል። እኔ መቼም ቁጥር ካየሁ አምናለሁ። አመንኩ።

ብቻ ሳልሞክር አላስልክም ብዬ ጃርሶን ለመንኩት። አብነት ሰፈር ጋራዥ ያለው የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ አትረሺውም። አንድ ደንበኛው ልክ እንደ አንቺዋ ያለች መኪና አስመጥቶ እሱ ጋ አቁሟት ነበርና አስፈቅዶ ለአንድ ቀን ሰጠኝ። ግቢያችን አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ እንደሚጠቀም ታውቂያለሽ፤ አንዱ ምድጃውን ሲሰካ የሌላው አምፖል ይደበዝዛል። ነገሩን ባስረዳቸው እማማ ፀሐይቱ «ለጋሽ ሙከሚል ከሆነማ» ብለው ምድጃቸውን ነቀሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያን ምሽት ግቢው በሙሉ በከሰል አበሰለ፤ መኪናዋም ጢም ብላ ሞላች።

ጠዋት አባባን ዉዱእ አስደርጌ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ለመግሪብ ሶላት እደርሳለሁ፣ ማታም የማነሳዎት እኔ ነኝ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዪ!

ከግቢ ሳልወጣ የእማማ ፀሐይቱን ልጅ የሺሀረግን ምጥ ያዛት። ምን ይባላል? በግቢው ያለችው መኪና አንድ ናት፣ እሷም የሞላችው እነሱ ምድጃቸውን ነቅለው። ሆስፒታል ወሰድኳት፤ አልጋ የለም ተባለ። ወደ ሌላ ወሰድኳት። ተመልሼ ለእሷ ልብስና አጥሚት አመላለስኩ። ሁሉ ተደምሮ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ሆነ። ሃምሳ ይተርፋል አላልንም? ምንም አልመሰለኝም።

ወደ ሞጆ ስወርድ ቁልቁለት ነውና የቀራትን ኪሎ ሜትር የሚያሳየው ቁጥር ንቅንቅ አልል አለ። እጅሽ ይባረክ እህቴ እያልኩ ብቻዬን ስቄያለሁ። ፋብሪካ ስደርስ አለቃዬ ሰክተህ ሙላት ብሎኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን መብራት በፈረቃ ሆኗል፣ የዚያን ቀን ተራው የእኛ ሆነና ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ዋለ። ጄኔሬተሩ ለማሽን እንጂ ለሠራተኛ መኪና አይደለም አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ አልተቀየምኩም።

ስመለስ ጉዱ ፈላ። ያ ሁሉ ጠዋት የወረድኩት መንገድ ዳገት ነው ለካ! ሃያ ዓመት ስመላለስበት በሰው መኪና ተቀምጬ እየተኛሁ ነበርና ዳገት መሆኑን እንኳ ልብ ብዬው አላውቅም። ደብረ ዘይት ላይ ቁጥሩ ወደ ታች ይሮጥ ጀመር፤ ዱከምን ሳልፍ ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ ሬዲዮውን አጠፋሁ፣ ዱዓ ያዝኩ። ቃሊቲ ላይ ቀጥ አለች። ቤቴ ለመድረስ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ቀረኝ፤ ጠዋት ለየሺሀረግ ከነዳሁት ያነሰ ነው። የሰው ንብረት ጥዬ መሄድ አልቻልኩም፤ ጃርሶ ጎታች መኪና ይዞ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆሜ የመግሪብ አዛን ሰማሁ።

ቤት ስደርስ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። አዛን ሲል ሺፋ ውሃ ልታሞቅ ወጣ ባለችበት አባባ ብቻቸውን ተነስተው ወድቀው ነበር። ቀኝ እጃቸው፣ ያ ደህናው እጃቸው፣ ተሰበረ። ምነው አባባ፣ ምን አስነሳዎት ብላቸው እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ቃልህን አታጥፍም ብዬ ነው። ደጅ ወጥቼ መኪናዋን ልቀበላት ብዬ።»

እህቴ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

የሺሀረግን በመውሰዴ ግን አልተጸጸትኩም። በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ የሰፈሩ ጎረምሳ «ኮረንቲ» የሚል ስም አውጥቶለታል። እማማ ፀሐይቱ የአባባን እጅ ባዩ ቁጥር ይሳቀቃሉ። አባባ ግን ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፣ ባይወስዳት ነበር የማዝንበት ብለው ዝም አሰኟቸው።

ስለዚህ መኪናዋን አትላኪልኝ። እሷ ምን አጠፋች? ከልደታ ቦሌ ለሚመላለስ ሰው ወርቅ ናት። ወረቀቷ ላይ ግን ዳገት አልተጻፈም፣ የመብራት ፈረቃ አልተጻፈም፣ ጎረቤትም አልተጻፈም። እኔ ደግሞ ሰው እያማጠ ኪሎ ሜትር ልቆጥር አልችልም። አትቆጪኝ እንጂ የሞጆውን ሥራ ለቅቄያለሁ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ጃርሶ ጋራዥ ገብቻለሁ። ደሞዙ ቀነስ ይላል፤ ብቻ ከአብነት ቤቴ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ለክቼዋለሁ። አባባን ጠዋትም ማታም የማነሳቸው እኔ ነኝ።

ለአብዱሰመድ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ወንድሜ ነውና ስለ መኪናዋ እንዳይከፋው አስረጂልኝ። መይሙናን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሺፋ፣ እህቴን በጣም ናፍቄያታለሁ በልልኝ ብላለች። እማማ ፀሐይቱና የሺሀረግም ከነሕፃኑ ሰላም ብለውሻል።

አባባ እንደ ወትሯቸው ከደብዳቤው ግርጌ በእጃቸው ሁለት መስመር ያልጻፉልሽ እጃቸው ስለታሰረ ነው። እኔው ልጻፍልዎት፣ ምን ልበላት ብላቸው ብዙ አሰቡና፣ ከእሷ ደጅ እስከ ልደታ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ጠይቅልኝ አሉኝ።

ወንድምሽ ሙደሲር ሙከሚል
ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.