ስታቅፈኝ ጉልበትህ የት ነበር

ይድረስ ለአባቴ ለኦሬስቴ፣ ባሕር ተሻግረህ ሮዛሪዮ ለከተምከው። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ? ብርድ ሲሆን የሚጠዘጥዝህ ቀኝ እጅህስ? ደም ግፊትህን ትለካለህ ወይስ እንደ ልማድህ ከሐኪሙ ጋር ተጣልተህ ወጣህ? አጎቴ ፕሪሞ እሱ ጋራዥ ውስጥ ስትሠራ ሰው ሳትደበድብ ሦስተኛ ዓመትህን እንደያዝክ ጽፎልኛል፤ ይጨምርልህ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። ቶርኖ ቤትህ እንደተዘጋ ነው፤ እርግቦች ገብተው ረብተውበታል።

ደብዳቤህ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰኝ። ወሬው እዚያ ድረስ መሰማቱ ገረመኝ። አዎ፣ እውነት ነው። የቡድናችን ሽማግሌ ሹፌር በበጋው መጨረሻ ስለሚያቆም መኪናው ለኔ ተሰጥቷል፤ ሞንዛ ላይ በፎርሙላ ዋን እነዳለሁ፣ በሃያ ዓመቴ። አንተም ቅጣቴ አልቋል፣ ከውድድር ሜዳ የታገድኩበት ሰባት ዓመት ሞልቷል፣ ልምጣ ብለሃል። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ለምነኸኛል፤ "እንደ ድሮው ከመኪናው ስትወርጂ ቀድሜ የማቅፍሽ እኔ ልሁን" ብለህ። እሷን ሳነብ ወረቀቱን ጨመደድኩት። በደስታ እንዳይመስልህ፣ በንዴት ነው። መልሱን እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስማኝ። መቼም ሰው አስጨርሰህ አታውቅም፣ ወረቀትን ግን አቋርጠህ መናገር አትችልም።

ስድስት ዓመቴ ላይ ከቶርኖ ቤቱ ጀርባ ካርት፣ ያቺ የልጆች መወዳደሪያ ትንሽ መኪና ውስጥ ስታስቀምጠኝ እግሬ ከታች አይደርስም ነበር። የነዳጁ ፔዳል ላይ እንጨት አስረህ አስረዘምክልኝ፤ ፍሬኑን ረሳኸው። ትምህርትህም አንድ ብቻ ነበር፤ "ፊትሽ ያለው በሩን ካልከፈተልሽ አንኳኪ፤ ካልሰማ ስበሪና ግቢ!" አንኳኳሁ። የሰዉን ልጆች ከኋላ እየገጨሁ ሣሩ ላይ ሳፈሳቸው አንተ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለህ "የኔ ተኩላ!" እያልክ ትጮህ ነበር። አዝኜላቸው እግሬን ከነዳጁ ያነሳሁ ቀን ግን በጎማ መፍቻ ሄልሜቴን አቀመስከው። ሁለት ቀን ጆሮዬ ሲጮህ ሰነበተ። እናቴ ስትቆጣህ "ሄልሜቱን ነው የመታሁት፣ ልጅቷን አይደለም" ስትላት ሰምቻለሁ። ጭንቅላቴ ውስጡ ነበር እኮ፣ አባዬ።

ከዚያ ያ የፓራውልት ሕግ መጣ። የፊት ፓራውልቱ እንዲሁ ላላ ብሎ ይያዝ፣ ሰው ከገጨህበት ይወርዳል፣ ወርዶ ከተገኘ አምስት ሰከንድ ይጨመርብሃል፤ ዳኛ ሳያየው በፊት መኪናውን መንካትም ክልክል ሆነ። አንተ መላ አላጣህም። ካርቱ ሲቆም እየሮጥክ መጥተህ ከፊቴ ትንበረከካለህ፣ እያለቀስክ ታቅፈኛለህ፣ ጉልበትህ ከታች የወረደውን ፓራውልት ወደ ቦታው ይገፋል፣ ጠቅ ይላል። የሚያለቅስ አባት ከልጁ ላይ ማን ይነቅላል? ዳኞቹም ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ እኔም ለኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ባቀፍከኝ ቁጥር ጠቅታዋን መጠበቅ ጀመርኩ። ማንንም ሳልነካ በንጽሕና ያሸነፍኩ ቀን እጄን ጨብጠህ ብቻ ታልፍ ነበር።

የሩበንን ቀን ደግሞ እኔ ልንገርህ፣ አንተ የምታወራው ስለ አባቱ ጥርስ ብቻ ስለሆነ። አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። ሩበን ዛኔቲ ከመጀመሪያው ሲመራ ቆይቶ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ደረስኩበት። በሩን አልከፈተም። ሰበርኩት። ካርቱ ተገልብጦ ከጎማው አጥር ጋር ተላተመና ተመልሶ እላዩ ላይ ወደቀ። በጎኑ ሳልፍ የእግሩ አጥንት ቱታውን ቀዶ ወጥቶ አየሁት፤ መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ወዲያው ቀላ። አልቆምኩም። መስመሩን አንደኛ ሆኜ አለፍኩ፤ ፓራውልቴ አስፋልቱን ይፍቅ ነበር። እየሮጥክ መጣህ፣ ተንበረከክህ፣ አቀፍከኝ፣ ጠቅ አለ። በጆሮዬም "አፍሽን ዝጊ፤ አልነካሽውም" አልከኝ። ዘጋሁ።

ብዙም ሳይቆይ አባቱ "አንተ የሌባ ዘር፣ ልጄን አስገደልከው!" እያለ መጣ። አንተ ደግሞ የክሪኩን ብረት አነሳህ። ሦስት ጥርሱን አረገፍክለት፤ ሊገላግል የገባውን ሽማግሌ ዳኛ መንጋጋውን ሰበርከው። ደሙ ነጩ ቱታዬ ላይ ተረጨ፤ እኔ ገና ካርቱ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ። ፖሊሶቹ፣ ካራቢኒየሪዎቹ፣ እጅህን ጠምዝዘው ሲወስዱህ እንኳ "ዋንጫውን ውሰጂ!" ትለኝ ነበር። ወሰድኩት። አንተ ለድብድቡ ሰባት ዓመት ታግደህ ወደ ሮዛሪዮ ሄድክ፤ ስለ ፓራውልቱ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። ትልልቆቹ ቡድኖች ያዩኝ በዚያ ዋንጫ ነው፣ ከካርት ወደ ፎርሙላ የገባሁትም በዚያው ነው።

አንተ ከሄድክም በኋላ እጄ አመሉን አልተወም። ሙጄሎ የውድድር ሜዳ ላይ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ እንዳስተማርከኝ አንኳኳሁ። የፎርሙላ መኪና ጎማ ግን መሸፈኛ የለውም፣ እርቃኑን ነው፤ ጎማዬ ከፊቴ ባለው መኪና ጎማ ላይ ወጣና ወደ ሰማይ ተወነጨፍኩ። አራት ጊዜ ተገለበጥኩ። ሁለት የጎድን አጥንቴና ትከሻዬ ተሰበሩ፤ የገጨሁት ልጅ በእግሩ መውጣቱ የእግዜር ሥራ ነው። የቡድኑ አለቃ ሆስፒታል መጥቶ ራስጌዬ ቆመና "የኔ እመቤት፣ እዚህ ለሚያንኳኳ የሚከፈትለት መቃብር ነው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ መንዳትን እንደ አዲስ ተማርኩ። ፍሬኑንም አገኘሁት። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሳልገጭ እያለፍኩ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ይኼን ከአንተ አልተማርኩትም።

የሞንዛውን ወረቀት የፈረምኩ ቀን ዋንጫውን ይዤ ሩበን ጋ ሄድኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም። ወደ ሳሎ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ ቤት ከፍቷል፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። ገጭቼሃለሁ፣ ፓራውልቴ ወርዶ ነበር፣ አባቴ በጉልበቱ መልሶታል አልኩት። በእጁ የያዘውን ብረት ወረወረው። ከራሴ አንድ ስንዝር ርቆ ግድግዳውን መታ፤ ልስኑ ፀጉሬ ላይ ፈሰሰ። "ዛሬ ነው የምትነግሪኝ? ቃሬዛ ላይ ሆኜ ጉልበቱን አይቼዋለሁ እኮ! ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ያንቺን አፍ ነው!" አለኝ። ተላቀስን ብዬ አልዋሽህም፤ ተሰዳደብን። ሲበርድለት ዋንጫውን ተቀብሎ ቡሎን ሞላበትና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። "በይ ሂጂ። ሞንዛ ላይ በደንቡ ካለፍሽ አጨበጭባለሁ። ካንኳኳሽ ግን መጥቼ ያንቺንም እግር እሰብረዋለሁ" አለ። ደስ አለኝ። ለካርት ፌዴሬሽኑም የዚያን ቀን ድል ለሱ መልሱለት ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስምህን አልደበቅኩም፣ የራሴንም።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልህ። ና። የቡድናችን ጋራዥ ውስጥ ግን አትገባም። ከመኪናው ስወርድ ቀድሞ የሚያቅፈኝ ማንም ይሁን፣ አንተ አትሆንም። ከአውሮፕላን ስትወርድ መጀመሪያ የምትሄደው ጎማ ቤቱ ነው። ባዶ እጅህን ሂድ። ሩበን ከወረወረብህ ጎንበስ በል እንጂ ምንም እንዳታነሳ። ምን እንደምትለው ታውቃለህ። ከውድድሩ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ባሸንፍም ብሸነፍም የቤታችን ግቢ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ መኪና በሌለበት። ያኔ ቆመህ እቀፈኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠቅታዋን እጠብቃለሁ። ካልሰማኋት አባቴ መጣ እላለሁ።

አጎቴ ፕሪሞን ግንባሩን ሳምልኝ፤ አንተን ሰባት ዓመት የቻለ ሰው ይገባዋል። ሚስቱን ዴልፊናን የላከችልኝ ሹራብ ልክክ እንዳለልኝ ንገራት። መንትዮቹን ልጆቻቸውን ጆሯቸውን ቆንጠጥ፣ ቀስ ብለህ ግን። እናቴ ሰላም በይልኝ አላለችም፤ ትናንት ግን ወንበርህን ከቶርኖ ቤቱ አውጥታ የእርግብ ኩሱን ስትፈትግ አግኝቻታለሁ። ላንተ ሰላምታዬን በወረቀት አልልክም፤ መጥተህ ውሰደው።

ልጅህ ኒቬስ
ጋቫርዶ፣ ጁላይ 18 ቀን 2024