ዘበኛው ውርጭ ሳይነካው

ይድረስ ለመስፌ፣

ሳሩ ደህና ነው። እሱን ሳልነግርህ ሌላ ወሬ ጆሮህ እንደማይገባ ስለማውቅ ከእሱ ጀመርኩልህ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ከአንተ ምን እደብቃለሁ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ሰመር ገብቷል። ሙት ዓመትህን በወጉ አስበናል፣ ጥቁሬንም አውልቄያለሁ። ከዚህ ቤት መውጣት ግን አቃተኝ።

እህትህ እትዬ የሺ አሁንም እዚሁ ናቸው። አንተን ሊያስታምሙ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ቀብረውህ፣ አልቅሰውልህ፣ በዚያው ቀሩ። የላይኛውን ክፍል ለቀቅኩላቸው። ጠዋት ለሥራ ስወጣ «ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?» ይሉኛል፤ ስመለስ ደግሞ መስኮቱ ላይ ናቸው። ክፉ ሆነው አይደለም። ግን መስፌ፣ ሱቅ ሄጄ ትንሽ ብዘገይ እንኳ ከትምህርት ቤት እንደጠፋ ልጅ ልቤ ይመታል። አንተ እያለህ ጠይቄ የማላውቀውን ፈቃድ፣ ባል የሌላት ሴት ሆኜ መጠየቅ ጀመርኩ!

ቤቱም ጨነቀኝ። ቤዝመንት ያለው ማሞቂያ ባጓራ ቁጥር እደነግጣለሁ። በረዶ የምጠርገው እኔ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሰው የምፈልገው እኔ፤ ከዚህ ሁሉ ቤት ውስጥ የምኖረው ግን ወጥ ቤቱና ሶፋው መካከል ብቻ ነው። ሄለን ከኦታዋ ስትደውል «ማሚ፣ ጀስት ሽጪው» ትለኛለች። አይ ልጅህ! ለእሷ ቤት መልቀቅ ስልክ እንደመቀየር ነው።

ልቤ ያለው ፍሌሚንግደን ፓርክ ነው። ያ መጀመሪያ የተከራየንበት ሕንፃ፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ፍራሽ በደረጃ ያወጣንበት፣ መሃል ላይ ደክሞህ ፍራሹ ላይ ጋደም ያልክበት፣ ትዝ አለህ? ጓደኛዬ ብርቄ እስከ ዛሬ እዚያው ናት። ባለ አንድ መኝታ ቤት ሊለቀቅ ነው ብላ ነገረችኝና ሄጄ አየሁት። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ከዚያ በእግር ነው። ከመስኮቱ ሸለቆው ወለል ብሎ ይታያል። በረዶውን የሚጠርገው ሌላ ሰው ነው። ባዶው ክፍል መሃል ቆሜ እፎይ አልኩ። የሕንፃው ማኔጀር እስከ አርብ መልስሽን አሳውቂኝ አለኝ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ግን አደራ አለብኝና ዋጥኩት።

አደራ ያልከኝ አንተው ነህ። ሆስፒታል፣ በመጨረሻው ሳምንትህ፣ እትዬ የሺ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ተቀምጠን ከንፈርህን በእርጥብ ጥጥ እያራስኩልህ ነበር። ዓይንህን ገለጥ አድርገህ «ዘበኛውን ውርጭ ሳይነካው አስገቢው፣ አደራ» አልከኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ ሄለን አይደለም፤ ጓሮ ውስጥ ብቻውን እየዞረ ሳር ስለሚያጭድ አሮጌ ሮቦት! እግዜር ይይልህ። ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ።

ከዚያ ሄድክ። የዕድሩ ሰዎች አዳራሽ እንከራይ ሲሉ እትዬ የሺ «ወንድሜ የገዛ ቤቱ እያለ በሰው አዳራሽ አይለቀስለትም» ብለው እምቢ አሉ። የዕድሩ ጋሽ ዓለሙና ጓደኞቹ መጥተው ጓሮው ላይ ድንኳን ጣሉ። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ እትዬ የሺ ደረታቸውን እየደቁ «ወንድሜ ይህን ቤት አደራ ብሏት ነው የሞተው!» ብለው አለቀሱ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ልበል? በባሌ ለቅሶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ታላቅ እህቱን «ኧረ እሱ ያለው ስለ ሳር ማጨጃው ነው» ልበላቸው? አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋቴ እንደ መሐላ ተቆጠረብኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሐበሻው የሚሰበሰብበት ዳንፎርዝ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «የመስፍንን ቤት አደራ፣ በርቺ» ይለኛል። በርቺ ሲሉኝ በሩን ከውጭ የሚቆልፉብኝ ይመስለኛል።

ዘበኛውን ግን እንዳልከኝ አስገብቼዋለሁ። ድንኳኑ በፈረሰ በሳምንቱ፣ ውርጩ ሳይወርድ፣ ገልብጬ ሆዱን በብሩሽ ጠረግሁለት፣ ውሃ ሳላስነካ፣ ባትሪውን ሞልቼ ቤዝመንት አስቀመጥኩት። በሐዘኑ ዓመት ላየውም አልቻልኩም፤ ሳሩን ጎረቤት አጨደልን።

እሱን ያመጣህበትን ቀን አስባለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከመሬት በታች ያለ ፓርኪንግ ውስጥ በዘበኝነት ተቀምጠህ የመኪና ጭስ ስትስብ ኖረህ፣ ኢስት ዮርክ ይህን ቤት ስንገዛ የተመኘኸው ሳር ብቻ ነበር። ወገብህ ማጨድ እምቢ ሲልህ ይህን ያገለገለ ሮቦት ቤት ከሚለቅ ሰው ገዝተህ ተሸክመህ መጣህ። «እኔም በተራዬ ዘበኛ ቀጠርኩ» ብለህ ተኮፈስክ። እኔ ከፊት ገመድ እየወጠርኩ፣ አንተ በጉልበትህ እየዳህክ፣ ሽቦውን በሳሩ ዙሪያ ቀበርከው። ሽቦው ድንበሩ ነው፣ ዘበኛው ምልክቱን ሰምቶ እዚያ ሲደርስ ይመለሳል ብለህ አስረዳኸኝ። ለጎመኔ መደብ ቦታ ተውልኝ ብዬ ስጨቀጭቅህ፣ እያጉረመረምክ ሽቦውን በጎመኑ ዙሪያ አዞርከው። በኋላ ጎመኑን ስትበላ ግን ምስጋናው ለዘበኛው ሆነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይህን ይዘህ በረንዳው ላይ ትቆምና «ግራህን! ግራህን ያዝ እንጂ!» እያልክ ታዘው ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ሥር ሲቀረቀር ትቆጣዋለህ፤ ራሱ ሲወጣ ደግሞ «አላልኩህም?» ትለዋለህ። እትዬ የሺ መጀመሪያ ያዩት ቀን፣ ሥራውን ጨርሶ ብቻውን ወደ ማደሪያ ጎጆው ሲገባ፣ በስመ አብ ብለው አማተቡ። እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንዴ እቀናበት ነበር።

ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ አወጣሁት። ቻርጅ ወደሚያደርግበት ጎጆ ሳስገባው ቀይ መብራት በራ፣ አልንቀሳቀስም አለ። ባትሪው ነው ብዬ አዲስ ገዛሁለት። አሮጌው እውነትም ደክሞ ነበር፤ መብራቱ ግን ቀይ። ቻርጅ የሚነካበት መዳብ ዝጎ አገኘሁና በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፤ ቀይ። ምላጮቹን በካቻቢቴ ፈትቼ ቀየርኩ፣ ጣቴንም ቆረጥኩ። ከጎማዎቹ ውስጥ እንደ ጭቃ የደረቀ ሳር ፈልቅቄ አወጣሁ፤ አሁንም ቀይ። እትዬ የሺ ጥፋቱን ሁሉ ሌሊት ጓሮ በሚቆፍሩት አውሬዎች፣ በራኩኖቹ፣ አላከኩ፤ ስማቸው ስለማይያዝላቸው ሽለምጥማጥ ነው የሚሏቸው። «እነዚያ ሽለምጥማጦች በሌሊት መጥተው አስደንግጠውት ይሆናል» አሉኝ።

ከሥራ ስመለስ በየቀኑ ከፊቱ እንበረከካለሁ። አንድ ቀን ብስጭት አለኝና «አንተስ ቀይ መብራት አለህ፣ እኔ በምን ልናገር?» አልኩት። ማሽን እያናገርኩ! አንተን መሰልኩልህ።

በመጨረሻ ለአንድ ጠጋኝ ደወልኩ። ማሽኑ አርጅቷል፣ ይህ ግን የሽቦ ነው፣ የሆነ ቦታ ተበጥሷል አለኝ። ታዲያ ጓሮውን ሙሉ ልቆፍር ነው ስለው፣ ኤ ኤም የሚይዝ ትንሽ ሬዲዮ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝና እንዴት እንደማደርግ ነገረኝ። ያቺን ፓርኪንግ ውስጥ ኳስ ትሰማባት የነበረውን ሬዲዮህን ከመሳቢያ አወጣሁ። የሽቦውን አንድ ጫፍ ከጎጆው ነቀልኩ፣ ሬዲዮዋን ጣቢያ የሌለበት ላይ አድርጌ ወደ መሬት አስጠጋኋት። ትክ ትክ ትክ አለች። ድምፁን እየተከተልኩ አንተ በጉልበትህ የዳህክበትን መስመር ጎንበስ ብዬ ዞርኩት። በጎመኑ መደብ በኩል፣ በአጥሩ ሥር፣ በአግዳሚው ኋላ። ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት ጓሮ ነው፣ እንዲህ ጠባብ መሆኑን ያን ቀን አየሁ። ከበረንዳው ፊት ለፊት ስደርስ ሬዲዮዋ ዝም አለች።

ሳሩን በቢላ ከፈት አደረግሁ። ሽቦው ለሁለት ተበጥሷል። ከጎኑ ወደ ታች የጠለቀ ክብ ጉድጓድ አለ፣ አፉን ሳር የሸፈነው። የራኩን ጥፍር አይደለም። ትክ ብዬ ሳየው ቆይቼ ገባኝ፤ የድንኳኑ ካስማ ነው። ጋሽ ዓለሙ በመዶሻ የቀጠቀጠው። ለአንተ ልናለቅስ ድንኳን ስንተክል የአንተኑ ሽቦ በጥሰነው ኖሯል! ወይ ጉድ። እትዬ የሺ «ቤቱን አደራ ብሏታል» ያሉትም እዚያው ጎን ተቀምጠው ነበር። ሳሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሁለቱን ጫፎች ልጬ ውሃ የማያስገባ ጄል ባለው ማያያዣ ውስጥ ከተትኩና በፒንሳ ጨመቅኋቸው፤ ከጎጆው የነቀልኩትንም ጫፍ መልሼ ሰካሁት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ዘበኛው ነዘር አለ፣ ከጎጆው ወደ ኋላ ወጣ፣ እንደ ልማዱ በአንድ ጎማው እየተጎተተ ሄደ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ለቅሶህ ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም፣ ያኔ የሚያየኝ ሰው ብዙ ነበር።

እትዬ የሺ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ወረዱ። «አየሽ ልጄ? አደራሽን አልበላሽም። ወንድሜ ቤቱን ለማን እንደሚተው ያውቅ ነበር» አሉኝ። አሁን ካልተናገርኩ ከዚህ ቤት በሬሳ ሣጥን ነው የምወጣው ብዬ አሰብኩ። «እትዬ፣ እርስዎም እዚያው ነበሩ» አልኳቸው። «መስፌ ያለው ዘበኛውን ውርጭ ሳይነካው አስገቢው ነው። እሱን ደግሞ ድንኳኑ በፈረሰ በሳምንቱ አድርጌዋለሁ። ቤት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ዘበኛው እግራችን ሥር ደርሶ፣ ነክቶን፣ ዞሮ ሄደ። ከዚያ ቀስ ብለው «አውቃለሁ» አሉኝ። «ቤቱን ከሸጠችው እኔን የት ታደርገኛለች ብዬ ነው። እዚያ ማን ቀረኝ? የነበረኝ እሱ ነው።»

እንዲያ ተናድጄ አላውቅም መስፌ፤ እንዲያም አንጀቴን የበላኝ ሰው የለም። እኔ አሰሩኝ እያልኩ ስቃጠል፣ እሳቸው ለካ መስኮቱ ላይ የሚቆሙት አንድ ቀን ሳትመለስ ትቀራለች ብለው ኖሯል። ሳላናግራቸው ገባሁ። በማግስቱ ግን ቁርስ አቀረብኩላቸው፤ ምን ይደረግ።

አርብ ለማኔጀሩ ደወልኩና ያን ክፍል ተውኩት። ስልኩን ስዘጋ ከፍቶኝ ዋልኩ። ያ ባዶ ክፍል የእኔ፣ የእኔ ብቻ ሊሆን ነበር። ባለ ሁለት መኝታ ቅጠል ሲረግፍ ይለቀቃል አለኝ፣ እሱን ያዝልኝ አልኩት። እትዬ የሺ ሲሰሙ «ከአንቺ ጋር? እኔም?» ብለው እጄን ሊስሙ ሲሉ ቀማኋቸው። እስከዚያ ድረስ እዚሁ ነን፣ ከሚያጓራው ማሞቂያና ከሚያፈሰው ጣሪያ ጋር። አሁንም ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ ይሉኛል። እኔ ደግሞ «ስመለስ» እላቸዋለሁ። ለጊዜው ያገኘሁት ነፃነት ይህችው ናት፤ ትንሽ ናት፣ ግን የእኔ ናት።

ቤቱ ሲሸጥ ዘበኛውን ለገዢው ተዪለት ይሉኛል ሰዎች። ፎቅ ላይ ሳር የለ፣ ምን ሊሠራ? ሄለንማ «ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» ብላ ሳቀች። ይሳቁ። እሱም ጡረታ ይውጣ፤ ትንሽ ዞሮ ይደክመዋል፣ ጎማውም አልቋል። አዲሱ ቤት መግቢያው ላይ፣ ከጫማው አጠገብ፣ ቦታውን በስንዝሬ ለክቼለታለሁ። በየዓመቱ መስኮቱ ላይ የመጀመሪያው ውርጭ ሲታይ ገልብጬ ሆዱን በብሩሽ እጠርግልሃለሁ፣ ባትሪውን እሞላለሁ፣ «ግራህን ያዝ እንጂ» እለዋለሁ፣ አንተንም ጠርቼ አለቅሳለሁ። እስካለሁ ድረስ ይህን አልረሳም። ያልከኝ አደራ ይህ ነበር፤ አልበላሁብህም።

ሽቦህን ግን አልነቅለውም። እዚያው መሬት ውስጥ ትቼው እወጣለሁ።

ያንተው ጽጌ