አባባ ያሰፉት ሸራ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለአለኸኝ ዳኘው፤
ያለህበት መተማ

እንደምን ከርመሃል ወንድም ዓለም? የመተማው ሐሩር እንዴት አድርጎሃል? ወባዋስ ተወችህ? እኛ፣ ናፍቆትህ አላስቀምጥ ከማለቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እኔ እዚህ ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር እየተማርሁ ነው። ሰሞኑን መምህራችን ኮምፒውተሩን እያዘዛችሁ የየቤታችሁን ግቢና ማሳ ሳሉ አሉን። መጀመሪያ ግን የስዕሉን ቦታ፣ ሸራ የሚሉትን፣ ወርዱንና ቁመቱን በቁጥር መወሰን አለብን። እኔ መቼም የገበሬ ልጅ አይደለሁ? አባባ መሬት በገመድ ሲለኩ እያየሁ ስላደግሁ አስራ ሁለት በስምንት ብዬ ጻፍሁ። የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ብቅ አለች! ለካ ማሽኑ የሚቆጥረው በገመድ ሳይሆን በጥቃቅን ነጥብ ኖሯል። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ አራት መቶ በአራት መቶ አልሁት።

ትናንት ቅዳሜ አባባ ለጥርሳቸው ሕክምና ከቡሬ መጡና ስዕሉን አሳየኋቸው። ቤቱን፣ በረቱን፣ ዋርካውን አንድ በአንድ ለዩ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። አንች ልጅ፣ የአለኸኝን ጎጆ መውጫ ለማን ሰጠሽው? አሉኝ።

ክው አልሁ! ባህር ዛፍ ልትከልበት ብለህ በዚያ መሬት ከተጣላችሁ ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ስምህን ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ኧረ ለማንም አልሰጠሁ፣ ከዋርካው ማዶ ያለውንም ስዬዋለሁ፣ ሸራው ጠቦ ነው የቆረጠው አልኋቸው። እንግዲያ አስፊዋ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? አሉ። ወርዱን ስድስት መቶ ባደርገው መሬትህ ብቅ አለ። አባባ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ ጎጆ ሥሪበት አሉኝ። ሠራሁ። በሩን ወደ ማዶ ባደርገው ግን ተቆጡ፤ ወደ እኛ ቤት አዙሪው አሉ።

ይህን ጻፊለት አላሉኝም፣ አትጻፊም አላሉኝም። ኩራታቸውን ታውቀዋለህ፤ አንተም ብትሆን የእሳቸው ልጅ ነህ። እኔ ግን ሳልጽፍልህ ማደር አልቻልሁም።

እምዬ ደስታነሽ ጉንጩን ሳሚልኝ ብለዋል፤ በወረቀት እንዴት እንደሚሳም እንጃ! ትንሿ እህታችን ህይወት አራተኛ ክፍል ገብታለች፣ መልክህን ልትረሳው ነው። አብረውህ ለሚሠሩት የአገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባ ሰላም በይልኝ አላሉም። የቡሬው መኪና ላይ ሲወጡ ግን፣ መተማ ከዚህ የስንት ቀን መንገድ ነው ብለው ጠየቁኝ። በሞቴ ወንድሜ፣ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው እሳቸው ሳይነሡ አንተ ና።

እህትህ ትርሲት ዳኘው
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.