«አዎ» ያልኩህ ለሌላ ጥያቄ ነበር

ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ
መጋቢት 2007 ዓ.ም.

ውድ ወንድምዓለም ሀሪስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አንተ፣ ዩስራና ልጆቹ እንዴት ናችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ሥራዬ ላይ ነኝ። ይህን ነገር ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ ብርዱና ስለ ልጆቹ ትምህርት አውርቼ ዘግቻለሁ። አፌ እምቢ ሲለኝ ጊዜ ወረቀት አነሳሁ።

ባለፈው ሳምንት ባለቤትህ ደውላልኝ ነበር። እንዳትሰማ አደራ ብላኛለች፤ አትቆጣት። ታናሻችን ዳውድ ከእማ ሞት ወዲህ ደጅህን እንደማይረግጥ፣ ጁምዓ ቀን መስጊድ በር ላይ እንኳ ሰላምታህን እንዳልመለሰ ነገረችኝ። «ሐኪም ይቆረጥ ያለውን እግር አላስቆርጥም ብሎ እናቴን ቤት ወስዶ ገደላት» እያለ ለዘመድ ሁሉ ይናገራል አለችኝ። ሀሪስስ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኳት። «ብቻዬን ነው የወሰንኩት፤ የሚጠየቅ ካለም እኔ ነኝ ይላል» አለች። ስሜን አንድም ቀን አላነሳህም።

ወንድሜ፣ እኔ የዚያን ቀን ጥያቄህን በሰዓቱ አልሰማሁትም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ላፕቶፑን የገዛሁት ለእማ ብዬ ነው። ስልኬ ከመደወል በቀር ሌላ የማያውቅ አሮጌ ነበር፤ እሷ ደግሞ «ድምፅሽን ጠገብኩት፣ መልክሽን አሳዪኝ» ስትለኝ ከርማለች። አምጥቼ አልጋዬ ላይ ስከፍተው አንድ ገጽ ለማምጣት ሻይ የሚያፈላ ጊዜ ፈጀ። አብራኝ የምትኖረው ውድነሽ በዚያው ዋይፋይ፣ በዚያው ክፍል፣ በስልኳ ቪዲዮ ሳይቆራረጥባት ታያለች። የሚያዘግመው የኔው አዲሱ ዕቃ ብቻ ነበር።

ያላደረግኩት የለም። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁ። የይለፍ ቃሉን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ። ወደ ገዛሁበት ሱቅ ብወስደው ሻጩ ጠረጴዛው ላይ የቻርጀሩን ገመድ ሰክቶ ከፈተው፤ እዚያ እንደ ፈረስ ጋለበ። ችግሩ ከኢንተርኔት ድርጅትሽ ነው ብሎ መለሰኝ። ወደ ድርጅቱ ስደውል አንዲት ሴት በየመሀሉ «ኧፈን ኽዱልት፣ ሜቭራው» ትላለች፤ ጥቂት ይታገሡ እመቤት ማለቷ ነው። ታግሼ ታግሼ መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ላፕቶፑን ወደ ሞደሙ አስጠጊው አለችኝ። አንዱ ወደ ሌላው እየላከኝ ሰነበትኩ። ሄግ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ቁስል እጠቀልላለሁ። የዚህን ዕቃ ሕመም ግን የቱ ጋ እንደምዳስሰው አጣሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እማ ሆስፒታል ገባች። ስኳሩ እግሯን አበላሽቶት ሐኪሙ ከጉልበቷ በላይ ካልተቆረጠ ነገሩ ወደ ላይ ይወጣል አላችሁ። እሷ አላህ በሰጠኝ ገላ ነው የምመለስለት ብላ እምቢ አለች። አንተ ጨነቀህ። «አንቺ የምትውዪው ከሕመምተኛ ጋር ነው፤ ቁስሉን እዪልን፣ ያልሽው ይሆናል» ብለህ ለሐሙስ እኩለ ቀን ቀጠርከኝ፤ የጓደኛህን ላፕቶፕ ተውሰህ ሆስፒታል ልትገባ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። ውድነሽ ሥራ ሄዳለች። እንደተመከርኩት ላፕቶፑን ይዤ ወደ ሞደሙ ሄድኩ። ሞደሙ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያ ትርፍ ሶኬት የለም፤ ባትሪው ሙሉ ስለሆነ ግድ አልሰጠኝም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩህ።

ድምፅህ ቀድሞ መጣ፣ ምስሉ ተከተለ። እግሯን ገልጠህ አሳየኸኝ። እንደዚያ ያለ ቁስል ሥራ ቦታዬ አውቃለሁ፤ መቆረጥ እንዳለበት ወዲያው ገባኝ። ያኔ ምስሉ ደረቀ። ድምፅህ ተቆራርጦ «ሙሂባ፣ ትሰሚኛለሽ?» ሲል ደረሰኝ። «አዎ፣ አዎ» አልኩህ። ለዚያ ነበር የመለስኩት። ስምንት ይሁን ዐሥር ሴኮንድ ቆይቶ ቀጣዩ ጥያቄህ መጣ። «እንግዲህ እምቢ ካለች፣ ሳትቆረጥ ቤት እንውሰዳት?»

«አይሆንም፣ ይቆረጥ» አልኩ። ደጋግሜ አልኩ። አንተ አንገትህን ደፍተህ፣ እማ ወደ ጎን እያየች፣ ሁለታችሁም እንደ ፎቶግራፍ ቆማችኋል። ከዚያ ጥሪው ተቋረጠ። ሁልጊዜ እንደምንለው ኔትወርኩ እናንተ ዘንድ የሄደ መሰለኝ። በስልክ ብደውል ስልክህ ዝግ ነው። ዳውድ በዚያ ሳምንት ከባድ መኪናውን ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር፤ የሱም አይሠራም። አላህን እየለመንኩ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ከማለት በቀር የምይዝ የምጨብጠው አልነበረኝም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተህ አነሳህ። ታክሲ ውስጥ ነበራችሁ፣ ወደ ቤት።

«አንቺ አዎ ስትይ ልቤ አረፈ» አልከኝ። «ለብቻዬ አልችለውም ነበር።»

ከኋላህ እማ ሾፌሩን ስትመርቅ ይሰማኛል። ድምፅዋ ቀልሎ ነበር፤ ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«አዎ» ያልኩት ዘግይቶ ከሁለተኛው ጥያቄህ በኋላ እንደደረሰህ፣ «አይሆንም» ያልኩት ደግሞ ጭራሽ እንዳልደረሰህ ገባኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ ሀሪስ። ስልኩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የሚያዘገየኝ አልነበረም። መኪናውን አዙረው፣ አዎ ያልኩት ለሌላ ነው ማለት ነበር። «እሺ፣ አላህ ያሽራት» አልኩህ። ያንን የቀለለ ድምፅ መልሼ ሆስፒታል ማስገባት አቃተኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ገንፎ በላች ብለህ ደስ ብሎህ ደወልክ። ትኩሳቱ ሲነሳባት ደግሞ አሁን ብነግረው ማስጨነቅ ነው እንጂ ምን ይፈይዳል አልኩ። እንዲህ እያልኩ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ሞላ፣ ሞቷንም አረዳችሁኝ።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ መጋዘን የሚሠራው ጎረቤታችን ሙሀይሚን ሊያስተዛዝነኝ መጣ። ውድነሽ ስለ ላፕቶፑ ስታነሳበት እስቲ ልየው ብሎ ከፈተው። ጥቂት ጎረጎረና ዋይፋዩ ባትሪ እንዲቆጥብ ተደርጎ ነው የተስተካከለው አለን። ቻርጀር ሲሰካ ይነቃል፣ ሲነቀል ያንቀላፋል። አንዲት መስመር ቀየረ፤ በቃ፣ ዳነ። ደስ ብሎት ወደ እኔ ሲያዞረው ማልቀስ ጀመርኩ። የተናገረው ያስቀየመኝ መስሎት ይቅርታ ይጠይቀኛል።

የዚህን አገር የብርድ ወራት ሙሉ ጥፋቱን በዚያ ዕቃ ላይ ስጭን ከረምኩ። ዕቃው የወሰደብኝ ግን ዐሥር ሴኮንድ ነው። ዐሥራ ዘጠኙን ቀን ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ እኔን ብለህ ወንድምህን አጣህ።

ይህን ደብዳቤ ለዳውድ አንብብለት። ፊትህን አላይም ካለ በዩስራ እጅ ላክለት። ለረመዳን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ካገኘሁ መጥቼ ፊቱ እቆማለሁ። እዚህ ሆኜ ሌላ የማደርገው የለኝም። እማ ብትቆረጥ ትድን ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ አላውቅም። ተቆርጠው የዳኑም የሞቱም አይቻለሁ። አላህ ብቻ ያውቃል ብዬ ልተኛ እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም።

ልትሞት ስትል ሁላችንንም በየስማችን ጠርታ «ሙሂባንም አፉ ብያታለሁ» ማለቷን በቀብሯ ማግስት ነግረኸኛል። ይቅርታዋን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ምን እንዳደረግኩ ሳታውቅ ያለችው ይድረሰኝ አይድረሰኝ፣ እንጃ። ያንተን አፉ ግን አውቀህ እንድትለኝ ነው የጻፍኩልህ። ካልሆነልህም አልፈርድብህም።

እህትህ ሙሂባ