ሩብ ዙር ወደ ግራ

ውድ አባዬ፣

ይህን ጥቅል ስትቀበል «ደግሞ ምን ልትሠራኝ ነው?» ብለህ መጀመሪያ እንደምታራግፈው አውቃለሁ። አትፍራ፣ የፕላስቲክ በረሮ አልከተትኩም። ደክሞኛል። ሰው ማሾፍም ይደክመዋል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ባለፈው እሁድ በስልክ እውነቱን ብነግርህ ሳቅክብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ማጽናናት አያምርብሽም። ዓይኔ ነው፣ አለቀ» አልክና ስልኩን ለአክስቴ ሰጠሃት። እሷም «አባትሽን አታድክሚው» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ስዋሽህ ዕድሜዬን ሙሉ ታምነኝ ነበር፤ እውነት የተናገርኩ ቀን ውሸታም ሆንኩ። ስለዚህ በጽሑፍ ልሞክረው። እኔና ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለተሰለቻቸን ፊደል ብገድፍ እለፈኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በየሳምንቱ ከረባቱን አስሮ እየመጣ «ዛሬስ ሚኒስትር አስመስለህ አንሳኝ» እያለ ሲያደርቅህ ታስታውሳለህ? አንድ ጊዜ ፊቱ እንደ ሊጥ ተድበስብሶ ቢወጣለት ብዬ ተመኘሁ። ምሳ ልትበላ ስትወጣ የአሮጌዋን ካሜራህን ክዳን ከፈትኩ። የርቀት መለኪያዋን ያስተማርከኝ አንተው ነህ፦ በትንሿ መስኮት ሲያዩ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ቀለበቱን ሲያዞሩ ሁለቱ ይጋጠማሉ፣ ያኔ መጫን ነው። እኔ ከመስኮቷ ጀርባ ያለችውን የመስተዋት ብሎን በካቻቪቴ ሩብ ዙር ወደ ግራ አዞርኳት፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቢጋጠሙም ርቀቱ ልክ አይመጣም። ሩብ ብቻ። ከሰዓት ልመልሳት ነበር።

ሰፊው በዚያ ቀን ቀረ። በእሱ ፈንታ ፋርማሲ የምትሠራው ልጅ ወንድም እያለከለከ መጣ፤ የእኅቱ ሰርግ ነው፣ ፎቶ አንሺያቸው ታሟል። አንተም ካሜራዋን አንጠልጥለህ ወጣህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «አባዬ!» አልኩ።

«ምን?»

«ከረባትህ ተጣሟል።»

ከረባትህ አልተጣመመም ነበር።

ሦስት ፊልም ሙሉ አንድ የሚለይ ፊት ጠፋ። ሙሽራዋ ሱቃችን ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንተ መነጽርህን አውልቀህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና «ጥፋቱ የዓይኔ ነው፣ እኅቴ» አልካት። እኔ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ «አባዬ፣ ያ ሰላም ያልከው ደንበኛ እኮ ኮት መስቀያው ነው» እያልኩ ስንት ጊዜ በዓይንህ ቀልጃለሁ! የራሴ ቀልድ መሰከረብህ። በሳምንቱ ካሜራዋን መደርደሪያ ላይ ጥለህ፣ ሻንጣህን ይዘህ አክስቴ ቤት ገባህ።

ይኸው አራት ወር ሆነ። ሱቁን በየቀኑ እከፍታለሁ። ጉርድ ፎቶ ለሚፈልግ በስልኬ አነሳለሁ፣ ከዚያ ያንተ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አያለሁ። ጎናችን ያለው ፀጉር አስተካካይ ሱቁን ለእሱ ልትለቅለት ሐሙስ ውል እንደምትፈርም ነገረኝ። ግድግዳውን በክንዱ ለክቶ ጨርሷል። «እዚህ ጋ የፀጉር መታጠቢያው» ይላል፣ ሁልጊዜ አንተ የምትቆምበትን ቦታ እያሳየኝ።

ትናንት የሰርጉን ኔጋቲቮች ከሳጥኑ አውጥቼ በማጉያ መነጽርህ አየኋቸው። አንተ አፍረህ ደግመህ አላየሃቸውም። አባዬ፣ የደበዘዘው ፊታቸው ብቻ ነው። ከጀርባቸው ያለው መጋረጃ ስፌቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በሁሉም ላይ! ዓይን ቢሆን አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ ይስት ነበር። ሁልጊዜ በእኩል የሚስት ብሎን ነው።

እንደማታምነኝ ስለማውቅ ከኔጋቲቮቹ ጋር ካሜራዋንም ልኬልሃለሁ። ብሎኗን አልነካኋትም፤ እንዳበላሸኋት ናት። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ርቀት አዙረህ ከአክስቴ በረንዳ ማዶ ያለውን ምሰሶ እይ። ሁለት ሆኖ ይታይሃል። «ይኸው፣ ዓይኔ!» እንዳትል። ካሜራዋን ለአክስቴ ስጣት። እሷ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፤ ከሦስተኛ ፎቅ ሆና ደግሞ ጎረቤት ምን ገዝቶ እንደገባ ታውቃለች። እሷም ሁለት ምሰሶ ካየች ዓይንህ ምንም አልሆነም።

ካቻቪቴውን በካልሲዬ ጠቅልዬ እዚሁ ጥቅል ውስጥ ከትቼዋለሁ። ካልሲው ታጥቧል፤ ካላመንከኝ አሽትተው። ሩብ ዙር ወደ ቀኝ። እኔው ልመልሳት እችል ነበር፤ ግን እኔ ብመልሳት «ለእኔ ብላ ፈጠረችው» ትላለህ። በገዛ እጅህ አዙራትና ሁለቱ ምሰሶ አንድ ሲሆን በገዛ ዓይንህ እየው።

ዛሬ ጠዋት ፋርማሲ ሄጄ ለሙሽራዋም ነገርኳት። እሷ ወዲያው አመነችኝ። በሩንም ፊቴ ላይ ዘጋችብኝ።

አባዬ፣ አንተም እመነኝና ዝጋብኝ። ብቻ ከሐሙስ በፊት ና፣ በሩን ሱቃችን ውስጥ ሆነህ ዝጋብኝ። እኔ ደጅ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ከረባትህ ቀጥ ያለ እንደነበር ያየችው፣
ልጅህ