በሐይቁ ዳር አሥራ አንድ ደቂቃ

ውድ ደቂቃ፣

ይሄን ቅጽል ስም ያወጣሁልህ እኔ ስለሆንኩ ዛሬም በእሱ የመጥራት መብት አለኝ። አንድ ቀን እንኳ አርፍደህ አታውቅማ! እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ሠላሳ ዓመት በሚንቀጠቀጥ ወለል ላይ ሾርባ ይዤ ስለቆምኩበት አልፈርድበትም።

ማክሰኞ ዕለት ልጅህን መድኃኒት ቤት በር ላይ አገኘኋት። «አባትሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ደህና ነው፤ ግን ብቻውን መንገድ መሻገር ትቷል» አለችኝ። «ሐኪሙ ጆሮዎ ከእኔም ይሻላል ብሎታል። እሱ ግን ጆሮዬ አንዴ ሸውዶኛል፣ ከዚያ ወዲህ አላምነውም ይላል።»

በቆምኩበት ክው አልኩ። «ጋሼ፣ ምነው?» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ምን ልበላት? ጆሮህን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ። የምጽፍልህም ይሄንኑ ልነግርህ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ አድርገኝ።

ያንን ባቡር መቼም አትረሳውም። ወንበሩ ቀይ ከፋይ፣ ግድግዳው ፊት እስኪያሳይ የተወለወለ እንጨት፣ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ። እንግዶቹ ገደሉንና ፏፏቴውን እያዩ ይደነቃሉ፣ እኛ ደግሞ እነሱን እናያለን። «አስተናጋጅ ፊቱን ወደ እንግዳ፣ ጀርባውን ወደ መስኮት» የሚለው ደንብ ትዝ ይልሃል? አብረን በሠራንበት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐይቁን ያየሁት በሾርባው ዕቃ ክዳን ላይ ነው፤ ያውም የገዛ አፍንጫዬ መሀሉ ላይ ተጎልቶ።

ከምግብ ቤቱ ፉርጎ አንተ ባቡሩን እስከምትነዳበት ክፍል የተዘረጋችው ደወል ደግሞ የሁለታችን ሚስጥር ነበረች። ሁለት ጊዜ ስደውል «ሾርባ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ቀስ በል» ማለት ነው። አንድ ጊዜ ስደውል «ተነሥቷል፣ ልቀቀው»። ስንት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አተረፍን! አንዲት ወይዘሮ «ሹፌሩ እንዴት ያለ ጨዋ ነው፤ በልተን እስክንጨርስ ይጠብቀናል» ማለቷን ብነግርህ «እኔን ማን ጠብቆኝ ያውቃል? ምሳዬን የምበላው እየበረርኩ ነው» ብለህ በሳቅ ገደልከኝ።

የዚያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ ሾርባ አልነበረም። እንግዶቹ ሙዚቃ ሊሰሙ ወደ ኋለኛው ፉርጎ ሄደው ብቻዬን ማንኪያ እወለውል ነበር። ኩርባውን ስናልፍ ፀሐይ በመስኮቱ ገባችና ክፍሉ በሙሉ በራ። ቀና አልኩ። ሐይቁ ያን ያህል ሰማያዊ መሆኑን ማንም ነግሮኝ አያውቅም! ትንሽ ልየው ብዬ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አንተም እንደ ወትሮህ ወዲያው ዝግ አደረግከው። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ወፎች ውሃው ላይ ያርፋሉ፣ ይነሣሉ። ጀልባ ላይ የነበረ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ አውለበለበልኝ። ለእኔ! ማንኪያውን ከፍ አድርጌ መለስኩለት። ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ቀን እሱ ነበር፤ አንዷን ደወል መደወል ግን ጭራሽ ረሳሁ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ዘገየን፤ እንግዶቹን መርከብ አመለጣቸው። ኃላፊው ሁለታችንንም ቢሮው አቆመን። አንተ «ከምግብ ቤቱ ተደውሎልኝ ነው» አልክ።

«ደውለሃል?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አልደወልኩም፤ ሾርባም አልቀረበም» አልኩ። ባለቤቴ ልትወልድ ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ ምክንያት ግን አይሆነኝም። አንተ ትክ ብለህ አየኸኝ። ከዚያ ቀስ ብለህ «እንግዲህ ጆሮዬ ይሆናል» አልክ። በወሩ ወደ ጭነት ባቡር አዛወሩህ፤ ዓመት ሳይሞላም ራስህ ለቀቅህ። ያኔ የተወለደችው ልጄ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ይሄን ሁሉ ዓመት ምን እንደመሰለኝ ታውቃለህ? አውቀህ የሸፈንክልኝ መሰለኝ። «ለልጄ ብሎ ነው» እያልኩ በሆዴ ሳመሰግንህ ኖርኩ፤ ውለታው ከብዶኝም ቤትህ መምጣት አፈርኩ። ለካስ አንተ አምነኸኝ ኖሯል! ወይ እኔ! የወዳጅህን አፍ ከገዛ ጆሮህ አስበልጠህ አመንክ። ማክሰኞ ይሄ ሲገባኝ መድኃኒቴን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን በጣም አሳደርኩት። ለመሥሪያ ቤቱም ይሄንኑ በፊርማዬ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ ግልባጩን ከደብዳቤው ጋር ታገኘዋለህ። ለልጅህም አሳያት። ይቅር በለኝ ለማለት ገና አፌ አልደፈረም። መጀመሪያ የወሰድኩብህን ልመልስ።

ያን ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ጊዜ ተደውሏል። የደወልኩት እኔ ነኝ። አንተ በትክክል ሰምተሃል።

ያንተው፣
የሾርባው አስተናጋጅ