በቀብር ዕለት የተቆጠረው መንገዳችን

ለክቡር የፍጥነት ወሰን አሻሻይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ከቆሰበር ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው አስፋልት ዳር የምንኖር ሰዎች፣ የተረፍነው ማለቴ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የምጽፍልዎ የመንደሩ እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝም እውነትዎን ነው።

አንደኛ፣ በመንደራችን መግቢያ የነበረውን ሠላሳ የሚል የፍጥነት ሰሌዳ አስነቅለው ሰማንያ የሚል ስላስተከሉልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ቤታችን ከመንገዱ ወዲህ፣ ወፍጮውና ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ወዲያ ስለሆነ ቀድሞ ወሬ እያወራን እንሻገር ነበር፤ ዛሬ በእርስዎ ደግነት ሽማግሌው ሳይቀር መሮጥ ለምዷል።

ሁለተኛ፣ ቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጥናት አነበብኩት። ሐሙስ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት መንገዱን ያቋረጠ እግረኛ የለም፣ እንስሳ አንድ አህያ፣ ስለዚህ ፍጥነቱ ይጨመር ይላል። ባለሙያዎችዎ አልዋሹም። ያን ሐሙስ ያገሩ ሰው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጎረቤቴን ወይዘሮ ደጊቱን እየቀበርን ነበር። ረቡዕ ዕለት አስፈጭተው ሲመለሱ፣ በዚያው መንገድ ላይ፣ ከሰል የጫነ መኪና ገጭቶ ገደላቸው። ጥሩምባ ነፍቼ ሰዉን ከየቤቱ የጠራሁት እኔ ነኝ። ከቀብር የቀረን እድሩ ስለሚቀጣ ወፍጮው ቆመ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ጋሪ የሚነዳም ጠፋ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከወዲህ በኩል ስለሆነ ማንም የሚሻገርበት ጉዳይ አልነበረውም። እንግዲህ መንገዱን ባዶ አድርጌ ባለሙያዎችዎን ያሳሳትኩ እኔው ነኝና ይቅርታዎን እለምናለሁ። አንድ አህያ የተባለችውም የወይዘሮ ደጊቱ ናት፤ እሷን ማሰሩን ሁላችንም ረስተን፣ እንደ ልማዷ ተሻግራ ወፍጮው ደጅ ባለቤቷን ስትጠብቅ ዋለች።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ላስረዳ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዎ ወንበር ሰጥታ፣ ጥናቱ አንዴ መጽደቁን፣ ቅጹም ላይ ቀብር የሚባል ዓምድ አለመኖሩን በትሕትና አስረድታኛለች። ልጄ ቤዛዊት ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ያንን መንገድ በቀን ሁለት ጊዜ ትሻገራለች። ጧት እጇን ይዤ አሻግራታለሁ፣ ማታም ቆሜ እጠብቃታለሁ። ሰሌዳው ይመለሳል ብዬ ግን ከእንግዲህ ተስፋ አላደርግም፤ ጥሩምባዬን ባየሁት ቁጥር ቀጥሎ ለማን እንደምነፋው አስባለሁ።

የመኪናዎን ጎማ እሾህ አይንካው፣ በሄዱበት ሁሉ መንገድዎ እንደዚያ ሐሙስ ጭር ይበልልዎ እያልኩ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆሜ እጅ የምነሳዎት

አዝመራው ቢሻው
የእድሩ ጥሩምባ ነፊ

ማስታወሻ፦ መንገዱን ዳግም የሚያስቆጥሩ ከሆነ ቀኑን አስቀድመው ያሳውቁን። በዕለቱ ሟች ቢኖረን እንኳ ቆጣሪዎችዎ እስኪጨርሱ ቀብሩን እናቆያለን፤ ሟች እንደ ሾፌር አይቸኩልም።